የማንቲሷ የመጨረሻ ቆዳ፦ ከጭሮ አሰቦት፣ ከአሰቦት ሂርና

ከጭሮ የተነሣሁት በግንቦት ወር አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የጉዞዬ ዓላማ አንዲት ማንቲስ ወደ ቆላ አውርጄ የመጨረሻ ቆዳዋን እዚያ እንድትለውጥ ማድረግ ነበር። ይህ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነገር ስለሚሆን ከመንገዱ በፊት ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል።

ማንቲስ የሚባለው የፊት እግሮቹን እንደሚጸልይ ሰው አጥፎ ቆሞ፣ ዝንብና መሰል ፍጥረቶችን አድብቶ የሚይዝ ነፍሳት ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። እኔ የያዝኩት በመጻሕፍት ኢዶሎማንቲስ የሚባለውን፣ በሞቃት ቁጥቋጦ የሚኖረውንና ከወገኖቹ ግዙፍ ከሆኑት አንዱን ነው። ግልገሉ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ቆዳው አብሮት ስለማያድግ በየጊዜው ይገፈዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው ራሱን ወደ ታች አድርጎ ተንጠልጥሎ ነው። በመጨረሻው ጊዜ ክንፍ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ማረሚያ የለም፤ ተጣሞ የወጣ እግር ተጣሞ ይቀራል።

ባለፈው ዓመት ለገዳሙ ንግሥ ወደ አሰቦት ወርጄ ስመለስ፣ በአንድ የግራር ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቀ የእንቁላል ከረጢት አገኘሁ። ጭሮ ቤቴ ውስጥ ከዚያ ሠላሳ አንድ ግልገሎች ተፈለፈሉ። አሁን የቀረችው አንዲት ናት። ሌሎቹ የሞቱት ባመዛኙ ቆዳቸውን በሚለውጡበት ሰሞን ሲሆን፣ አሟሟታቸውም አንድ ዓይነት ነበር። መጀመሪያ የኋላ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ እጅ የምላቸውን የፊት እግሮቻቸውን ማንሣት ያቅታቸዋል፣ በማግስቱ ከሳጥኑ ወለል ላይ አገኛቸዋለሁ።

በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት የሰብል ጥበቃ ነው። በዚሁ ሙያ ሐረርጌ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለዚህ የነፍሳትን አሟሟት ለመመርመር የሚበቃ ዕውቀት አለኝ ብዬ አምን ነበር። የክፍሉን ሙቀት በቀን ሦስት ጊዜ እለካለሁ፤ የሚበሉትን ዝንብ ቆጥሬ እሰጣለሁ። ከዚህ ሁሉ ያወጣሁት ድምዳሜ የገደላቸው ቅዝቃዜ ነው የሚል ነበር። የቀረችው ሴት መብላት ካቆመች ስድስት ቀን ሆኗታል፤ የክንፎቿ መውጫም አብጧል። ቆዳዋን የምትለውጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው ማለት ነው። በጭሮ ብርድ ከተያዘች የሠላሳዎቹ ዕጣ ይደርሳታል ብዬ ፈራሁና ወደ ቆላው ልወስዳት ወሰንኩ።

የምትኖርበት ሳጥን ጠርዙ እንጨት፣ ጎኑና ጣሪያው ወንፊት ሽቦ ነው። ግልገሎቹ እንዲንጠለጠሉበት ሁልጊዜ አንድ ትኩስ የጫት ቅርንጫፍ አኖርበታለሁ። እኔ ጫት አልቅምም። ነገር ግን ጭሮ ውስጥ በየማለዳው ለምለም ሆኖ የሚገኝ ቅርንጫፍ እርሱ ነው። ጫት ተራ ከምትሸጠው ከዘይነባ እየገዛሁ ቆይቻለሁ፤ በመነሻዬ ዕለትም ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬም አንዲት እንጨት?» አለችኝ። «አቦ፣ ሰው እቅፍ እቅፉን ይወስዳል፣ እርስዎ እንደ ጥርስ መፋቂያ!»

«ቅጠሉ ያልተበሳ ይሁን።»

«የኔ ጫት ቀዳዳ አያውቅም። የሂርና ነው፣ የሙሜ እርሻ! መስታወት በለው።»

እውነትም ያንጸባርቃል። መርምሬ አንድም ትል ያልነካውን መረጥኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጥቀስ አለብኝ። የቀረችው ሴት ከሌሎቹ የምትለየው ቅርንጫፉ ላይ ስለማትወጣ ነበር፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ ከጣሪያው ሽቦ ተንጠልጥላ ትውላለች። ይህንን አይቼ ጽፌዋለሁ፤ ትርጉም ግን አልሰጠሁትም።

ቁልቁለቱ

የሚኤሶ ሚኒባስ ሾፌር ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ሊጭን እጁን ዘረጋ።

«አይወጣም» አልኩት። «ሕይወት ያለው ነገር ነው።»

«ዶሮ ነው?»

«ነፍሳት ነው።»

አጎንብሶ በሽቦው አሻግሮ አየ። «ይሄ ደረቅ ቅጠል እኮ ነው ጋሼ! እሺ፣ ቅጠል ከሆነ አይከፍልም። ነፍሳት ከሆነ ግን ወንበር ይዟል።»

ነፍሳት መሆኑን አስረግጬ የሁለት ሰው ከፈልኩ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ያለው መንገድ አስፋልት ነው፤ ጠመዝማዛነቱ ግን ዕቃ በጭኑ ለያዘ ሰው አይመችም። የላይኛው ተዳፋት በእርከን የተሸነሸነ ነው፤ ማሽላው ገና ጉልበት አልደረሰም፣ በመካከሉ ጫቱ በመስመር ቆሟል። ጫት የጫኑ ፒክአፖች ጡሩንባ እየነፉ አልፈውን ወረዱ። ወደ ታች ስንዘልቅ አረንጓዴው ሳሳ፤ አፈሩ ቀላ፣ ግራርና ቁልቋል ተተካ።

አንድ ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ሳጥኑን አይቶ ፊቱን አጠቆረ።

«ጫት ነው?»

«ለእርሷ ነው» ብዬ በጣቴ አሳየሁት።

ረዘም አድርጎ ተመለከታት። «ለምንድን ነው የማትነቃነቀው? መርቅናለች እንዴ?» አለና ራሱ በቀልዱ ስቆ አሳለፈን።

ሚኤሶ የደረስነው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በጥላ ሥር ሙቀቱን ስለካ ሠላሳ አራት ዲግሪ ሆነ። የአሰቦት መኪና እስኪሞላና ግመሎች መንገዱን ዘግተው እስኪያልፉ ከሁለት ሰዓት በላይ አልተንቀሳቀስንም፤ እኔም ሻይ ጠጣሁ። በዚህ መካከል ማንቲሷ ከጣሪያው ወርዳ የጫቱን ቅርንጫፍ ጫፍ ያዘች። ይህ ከተፈለፈለች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ሙቀቱ አነቃቅቷታል፣ የምትንጠለጠልበትን ቦታ እየመረጠች ነው ብዬ ገመትኩ፤ ውሳኔዬ ትክክል መሆኑንም እንደ ማረጋገጫ ቆጠርኩት።

አሰቦት

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ አሰቦት ወረድኩ። ከተማዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ አቧራማና ደረቅ ናት፤ ከሩቅ ገዳሙ ያለበት ተራራ ይታያል። ያረፍኩት ምግብ ከሚሸጥባትና ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ካሏት ከፋጡማ ቤት ነው። ፋጡማ ሃምሳ ዓመት ሊሆናት የሚችል፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። አማርኛዋ አንዴ አንቱ አንዴ አንተ ይለኛል፤ አክብሮቷ ግን አልጎደለም። ጥብስና ፓስታ በአንድ ሳህን አቀረበችልኝ። ሳጥኑን ከግቢው ዳስ ሥር አግዳሚ ላይ አኑሬ መብላት ጀመርኩ።

ግቢው ውስጥ ሰባት ፍየሎች ነበሩ። አንደኛዋ ወደ አግዳሚው ተንጠራርታ ከሽቦው የወጣውን የጫት ቅጠል በከንፈሯ ልትይዝ ስትል ፋጡማ ከጓዳ ብድግ ብላ ወጣች። ፍየሏን በዱላ ጎኗን ብላ አባረረቻት።

«የየት ነው ጫቱ?» አለችኝ ሳጥኑን እያየች።

«የሂርና።»

«መቼ ተቆረጠ?»

«ትናንት ይመስለኛል።»

«ኧረ አቦ! እና ፍየሎቼ መሐል ታስቀምጣለህ?»

ፍየል የተቃመ ጫት ትርፍራፊ፣ ገራባ የሚሉትን፣ እንደምትበላ ስለማውቅ የተቆጣችበት ምክንያት አልገባኝም። «ገራባ ትሰጫቸው የለም?» አልኳት።

«የእንግዶቹን ነዋ! እሱም ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቼ። ይህን ግን ወላሂ አልሰጥም።» ቅርንጫፉን በሽቦው በኩል በጣቷ እየጠቆመች ቀጠለች። «ቅጠሉን እይ። አንድ ቀዳዳ አለው? የለውም። ትል እምቢ ያለውን ፍየሌ ለምን ትበላለች? መድኃኒት ተረጭቶበታል።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ሁለት ሞተውብኛል፣ በምን አውቃለሁ ይለኛል! ትኩስ ጫት ከመኪና ወደቀ፣ በሉ። መጀመሪያ የኋላ እግር እንዲህ» እጇን ዘርግታ አንቀጠቀጠችው። «ከዚያ በጉልበቷ ተንበረከከች። ማታ አንዷ፣ ጠዋት አንዷ።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። የገለጸችው ምልክት እኔ ሠላሳ ጊዜ የጻፍኩት ነው። ተባይ ማጥፊያ የነፍሳትን ነርቭ ሲይዝ እግር እንደሚያንቀጠቅጥ ለተማሪዎችና ለገበሬዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የሙቀት መለኪያውን በቀን ሦስት ጊዜ ሳነብ፣ በገዛ እጄ ወደ ሳጥኑ ያስገባሁትን ቅርንጫፍ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም። መርጬው ነበርና።

ማንቲሷ በዚያ ሰዓት ቅርንጫፉ ላይ ሦስት ሰዓት ቆይታለች።

ቅርንጫፉን ጎትቶ ማውጣት አይቻልም ነበር። ቆዳዋን ልትለውጥ የተቃረበች ማንቲስ ከወደቀች ትሰበራለች። ፋጡማ በቢላዋ ከግቢዋ ግራር አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠችኝ። «ይህን ማንም አይረጭበትም» አለች። እሾሁን ከአንድ ወገን አራግፌ ከእግሮቿ ፊት አስጠጋሁትና ጠበቅሁ። አንዱን እግሯን ካነሣች በኋላ ሁለተኛውን እስክታነሣ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ጫቱን ከግቢው ውጭ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት፤ ሳጥኑንም በንጹሕ ውኃ አጠብኩ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከሳጥኑ አልራቅሁም። ሙቀቱ ተስማሚ ነበር፤ ይህ ግን አሁን ብዙ ትርጉም አልነበረውም። ከቀትር በኋላ የቀኝ የኋላ እግሯ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ቅዳሜ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ጀርባዋ በመሐል ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ራሷና ደረቷ ወጣ፤ ቀጥሎ እጆቿና ረጃጅም እግሮቿ አንድ በአንድ ከአሮጌው ቆዳ ተሳቡ። የቀኝ የኋላ እግሯ ዘገየ። እንዳልነካት እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ።

ፋጡማ ትሪ ይዛ ስታልፍ ቆም አለች። «ሱብሐናላህ! ልብሷን አወለቀች?» አለች። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ፣ «አያፍሩም እንዴ ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ቁጭ ብለው ሴት ስታወልቅ ያያሉ?»

«ቆሜ ነው የማየው» አልኳት።

«ይባስ ብሎ!»

አምስት ሰዓት ላይ እግሩ ወጣ፤ ጫፉ ጥቂት ጎብጧል። ክንፎቿ ተጨማድደው ከወጡ በኋላ ቀስ በቀስ ተዘረጉ። ደረቅ ቅጠል የነበረችው ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆነች። ነገር ግን እጆቿን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች ቀረች። ቅዳሜም እሑድም አላነሣቻቸውም። አዲስ ቆዳ እስኪጠና ማንቲስ ባትንቀሳቀስ ጤናማ ነገር ነው፤ የተመረዘችም ብትሆን ከዚህ የተለየ አታደርግም። ሁለቱን የምለይበት መንገድ አልነበረኝም።

ሂርና

ሰኞ ጠዋት ከአሰቦት ተነሣሁ። ፋጡማ የግራር ቅርንጫፎች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጭሮ ስደርስ ወደ ቤቴ አልገባሁም፤ መኪና ቀይሬ ወደ ሂርና ቀጠልኩ። ማንቲሷን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ሳጥኑን በሻርፕ ሸፍኜ ይዤያት ሄድኩ። የፍየል አሟሟትና የአንዲት ሴት ቃል ለእኔ በቂ ማስረጃ አይደለም። ከረጪው ራሱ መስማት ፈለግሁ።

ከጭሮ ወደ ሂርና መንገዱ በተራራ ወገብ ይሄዳል። ጉም ነበረ፤ ሰዎች ጋቢ ደርበዋል። ሂርና ጎዳና ላይ ጫት በሙዝ ቅጠል የሚጠቀልሉ ሰዎች ዘይነባ የጠቀሰችውን ሙሜን ወዲያው አወቁት፤ እርሻው ከአስፋልቱ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ነው። ሙሜ ስልሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ጢሙን በሒና ያቀላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ከቡና ገለባ በወተት የፈላ ሆጃ አስቀረበልኝ፤ ጨው አለበት፣ ለብርዱ ደግ ነው።

«ጫትህን ትረጫለህ?» አልኩት።

ሲኒውን አስቀመጠ። «ከመንግሥት ነዎት?»

«ጡረተኛ ነኝ። ከጭሮ ነው የመጣሁት።»

ፊቴን ደጋግሞ አየ። ድንገት ሳቀ። «አቦ! እርስዎ ያ በቢጫ ሞተር ሳይክል የሚመጡት አይደሉም? አባቴን መርጫ ሲያስተምሩ ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ! ‹ከነፋስ ጀርባ ቁሙ፣ አፋችሁን ሸፍኑ› ይሉን ነበር። እስከ ዛሬ እሸፍናለሁ።»

እኔ ነበርኩ። አባቱን አላስታወስኩትም፤ ብዙ ገበሬዎች ነበሩ።

«ያስተማርኩት ለማሽላ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ለማሽላ። ትሉ ግን ማሽላና ጫት አይለይም።»

«ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ታቆያለህ?»

«እርስዎ ሁለት ሳምንት ብለው ነበር፣ አልረሳሁም። ማሽላ ይጠብቃል። ጫት በየቀኑ ይቆረጣል፣ መኪናውም አይጠብቅም።» ከዚያ ያለ ቁጣ ጠየቀኝ። «ቅጠሉ ቀዳዳ ካለው ማን ይገዛኛል? እርስዎ ይገዙኛል?»

አልገዛውም ነበር። ለወራት ያልተበሳውን እየመረጥኩ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኩት። ሻርፑን ገልጬም ማንቲሷን አሳየሁትና የሠላሳዎቹን ነገር አስረዳሁት። ሙሜ ጎንበስ ብሎ በጥሞና አያት።

«አልሞተችም» አለ።

«እጇን አታነሣም።»

ተነሣና ወደ ጓሮ መራኝ። ከቤቱ ጀርባ ስምንት የጫት እግር ለብቻው ቆሟል። ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ጫፉም ደርቋል። «ይህ የቤት ነው» አለ። «አይረጭም። እኔና እንግዳዬ የምንቅመው ይህንን ነው።» አንዱን ቅርንጫፍ ወደ እኔ ሲያዘነብል፣ ከቅጠሎቹ መካከል የጣት አንጓ የምታህል አረንጓዴ ማንቲስ አየሁ። የእኔ ዓይነት አይደለችም፤ የደጋዎቹ ናት። ወደ ዋናዎቹ መስመሮች ሄጄ አንድ ሰዓት ያህል ቅጠል በቅጠል ፈለግሁ። አንዲት እንኳ አላገኘሁም።

ስመለስ ሙሜ የሚረጨውን መድኃኒት ጣሳ አውጥቶ ጠበቀኝ። የተጻፈበትን አነበብኩለት። ለጫት የሚል አልነበረበትም።

«ስንት ቀን ይላል?» አለኝ።

«አሥራ አራት።»

«ሰባት ብጠብቅስ?»

ሙያዬ የሚፈቅድልኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አሥራ አራት መሆኑን ደግሜ ነገርኩት። ሰባት ቀን ከአንድ ቀን እንደሚሻል ግን እርሱም እኔም እናውቃለን። ቃሚዎቹ አጥበው እንዲቅሙት ለዘይነባ እንደምነግራት ገለጽኩለት። «ይንገሯት» አለ፣ «እኔ ስነግራት ጫቴን አራከስክ ብላ ትቆጣኛለች።»

ጭሮ

ሂርና አድሬ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ቤቴ ገባሁ። ዘይነባን በዚያው ዕለት አነጋገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ገበያዋን ላጠፋባት እንደመጣሁ ቆጥራ ፊቷን አዞረች፤ በማግሥቱ ግን ከመደቧ ሥር የውኃ ጀሪካን አየሁ። ለምን እንዳስቀመጠችው አልጠየቅኋትም።

ከጉዞው ያገኘሁት ዕውቀት አጭር ነው። ነፍሳቱ የሞቱት በቅዝቃዜ ሳይሆን እኔ ባስገባሁባቸው ቅርንጫፍ ነው፤ ቅርንጫፉም መርዝ የያዘው እኔ የምወደው ዓይነት ስለነበረ ነው። አንዲቱ የተረፈችው በእኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ ቅርንጫፉን ትታ ሽቦውን በመምረጧ ነው። ፋጡማ ይህንን ያወቀችው ሁለት ፍየል ከፍላ ነው። እኔ ሠላሳ ማንቲስ ከፍዬ አላወቅሁትም፤ የተማርኩት ነገር ሌላ ቦታ እንድመለከት አድርጎኝ ነበር።

ረቡዕ ዝንብ ሰጠኋት። ራሷን እያዞረች በዓይኗ ተከተለችው፤ እጆቿን ግን አልዘረጋችም። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ቆዳዋን ከለወጠች አምስት ቀን ሞልቷታል። ጤነኛ ብትሆን እስካሁን መብላት ነበረባት፤ ከዚህ በላይ ልጠብቅላት የምችለው ቀን ብዙ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ፀሐይ በመስኮት ገባች። የሳጥኑን በር ከፍቼ የደረቀውን የግራር ቅርንጫፍ ልቀይር እጄን አስገባሁ። ጣቶቼ ከፊቷ አንድ ስንዝር ሲቀሩ ተነሣች። ሁለቱንም እጆቿን ከፍ አድርጋ ወደ ጎን ዘረጋቻቸው፤ ከውስጥ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም ወጣ፤ ክንፎቿንም ከኋላዋ አቆመች። ሌሎቹ ከመሞታቸው በፊት ማድረግ ያቃታቸው ይህንን ነበር። እጄን አላወጣሁም። ጎባጣ እግሯን ተክላ ወደ ፊት ተወረወረችና ጠቋሚ ጣቴን መታችው፤ እሾሆቿ ደም አወጡ።

ፈርታኝ ነው። ለመፍራት አቅም ነበራት፤ እኔን ለመፍራት ደግሞ በቂ ምክንያት ነበራት።